መጋቢ (ክርስትና)

መጋቢ በክርስትና እምነት አንድን የምእመናን ጉባኤ የሚያስተምር፣ የሚመክር፣ የሚጎበኝና የሚያስተባብር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። በኢትዮጵያ ቃሉ በዚህ ትርጉሙ በብዛት የሚሠራበት በወንጌላውያን (ፕሮቴስታንት) አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን «ፓስተር» የሚለው ስያሜም የተለመደ ነው። በኦርቶዶክስና በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተመሳሳዩን ኃላፊነት ጳጳሳትና ቀሳውስት እንደየደረጃቸው ይወጡታል።

የመጋቢ አገልግሎት ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይዞ ኖሯል። መጋቢ በሰዎች ሕይወት ላይ ሥልጣን አለው፤ የሚሰብከው ወንጌል ግን ከሁሉ በላይ መሆን የሚፈልግ የሁሉ አገልጋይ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ በክርስትና ትምህርት ትሕትና የመጋቢነት ዋና መመዘኛ ሆኖ ይቆጠራል። አብያተ ክርስቲያናት ግን ትሕትናን ለአገልጋዩ ጠባይ ብቻ አልተዉትም፤ በምርጫ፣ በጋራ አመራር፣ በንስሐና በሥርዓተ አምልኮ ሊያስጠብቁት ሞክረዋል። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለባቸው ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የቀሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስያሜ

«መጋቢ» የሚለው ቃል «መገበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። ግሡ ማስተዳደርንና መመገብን ያመለክታል፤ «ምግብ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር ይወጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቃሉ ቆየት ያሉ ሌሎች አገባቦች አሉት። በገዳማት መጋቢ የሚባለው የማኅበሩን ንብረትና ቀለብ የሚያስተዳድረው መነኩሴ ነው። «መጋቤ ሐዲስ»፣ «መጋቤ ብሉይ» እና «መጋቤ ምሥጢር» ደግሞ ለሊቃውንት የሚሰጡ የማዕረግ ስሞች ናቸው።

«ፓስተር» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ እረኛ ነው። በአዲስ ኪዳን የግሪክ ጽሑፍ በኤፌሶን 4፥11 ላይ የሚገኘው «ፖይሜን» የሚለው ቃልም እረኛ ማለት ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ ተተርጉሟል። እረኛው መንጋ ያሰማራል፣ መጋቢው ቀለብ ይሰፍራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሀብቱ የራሳቸው አለመሆኑ ነው፤ እረኛው የባለቤቱን በጎች ይጠብቃል፣ መጋቢውም የባለቤቱን ጎተራ ያስተዳድራል። ስለ መጋቢ ትሕትና የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

«ትሕትና» የሚለው ቃል ደግሞ «ታሕት» (ታች) ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ዝምድና አለው። ራስን ዝቅ ማድረግን ያመለክታል።

በመጽሐፍ ቅዱስ

በብሉይ ኪዳን «እረኛ» ለነገሥታትና ለሕዝብ መሪዎች የሚሰጥ ምሳሌያዊ ስም ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 የእስራኤልን መሪዎች የሚከሰው መንጋውን ትተው ራሳቸውን ያሰማሩ እረኞች አድርጎ ነው። ክሱ ዝርዝር አለው፦ የደከመውን አላጸኑም፣ የታመመውን አላከሙም፣ የተሰበረውን አልጠገኑም፣ የጠፋውን አልፈለጉም። ይህ ዝርዝር ቆይቶ የመጋቢ ሥራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት በብዛት ከሚጠቀሱት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች አንዱ ሆኗል።

በአዲስ ኪዳን ሁለት ትረካዎች ለመጋቢነት መሠረት ተደርገው ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሚገኘው ነው። ኢየሱስ ከመያዙ በፊት በነበረው እራት ላይ ተነሥቶ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በዚያ ዘመን ሰዎች በአቧራማ መንገድ በጫማ ነጠላ ይሄዱ ስለነበር እግር ማጠብ የአገልጋይ ሥራ ነበር፤ የጴጥሮስም እምቢታ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው በምዕራፍ 21 ይገኛል። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። በዚህ ትረካ የእረኝነት አደራ የተሰጠው ውድቀቱን ለሚያውቅ ሰው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ጉባኤያት ኃላፊነቱ በብዙ ሰዎች ላይ የተከፋፈለ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ጳውሎስ የሚያነጋግረው የኤፌሶንን ሽማግሌዎች በአንድነት ነው። እነዚያኑ ሰዎች «ሽማግሌዎች» እና «ጳጳሳት» (ተመልካቾች) የሚሉት ሁለት ስሞች ይጠሯቸዋል፤ ሥራቸውም መንጋውን መጠበቅ ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 5 ጸሐፊው ራሱን ከሽማግሌዎቹ ጋር አቻ አድርጎ ይጠራል፤ ከዚያም ለገንዘብ ብለው ወይም በምእመናን ላይ ለመሠልጠን ብለው እንዳያገለግሉ ያስጠነቅቃል።

በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 ለኃላፊነት የሚታጭ ሰው ሊያሟላቸው የሚገቡ ነጥቦች ተዘርዝረዋል። አብዛኞቹ ስለ ጠባይና ስለ አኗኗር ናቸው፦ የማይጣላ፣ ገንዘብ የማይወድ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር። ከዝርዝሩ በቀጥታ ችሎታን የሚመለከተው ማስተማር መቻል ነው። አዲስ አማኝ ለሹመቱ እንዳይቀርብ ሲከለከልም ምክንያቱ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ የሚል ነው። የተቃራኒው ምሳሌ በ3ኛ ዮሐንስ የተጠቀሰው ዲዮጥራጢስ ነው፤ ቀዳሚ መሆንን የሚወድ፣ ወንድሞችን የማይቀበል፣ ሊቀበሉ የሚወዱትንም ከጉባኤ የሚያወጣ ሰው ነበር።

በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን

በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ እንደተጻፈ የሚገመተው «ዲዳኬ» የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚያስተምሩ አገልጋዮችን ለመለየት ግልጽ መመዘኛ ያወጣል። እንግዳው አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ብቻ ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። መመዘኛው የአገልጋዩን ልብ ለማንበብ አይሞክርም፤ ማንም ሊያየው የሚችለውን ሥራውን ይመለከታል። የዚህ ክፍል የግዕዝ ትርጉም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል።

ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትና በሮም መንግሥት ዘንድ ተቀባይነት ሲያገኝ የጳጳስ ሹመት ክብርና ሀብት ያለው ሆነ። በዚሁ ዘመን ከሹመት መሸሽ የታወቀ ልማድ ሆነ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ361 መጨረሻ አባቱ ቅስና ከሾመው በኋላ ሸሽቶ በ362 የፋሲካ በዓል ላይ ተመለሰ፤ ለምን እንደሸሸም ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። በእርሱ አመለካከት የነፍስ ሕክምና ከሥጋ ሕክምና ይከብዳል፤ ሰዎች እንደ ዕድሜያቸው፣ እንደ ጠባያቸውና እንደ ኑሮአቸው የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ሳይዘጋጁ መግባት አደገኛ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም «ስለ ክህነት» በተባለው ድርሰቱ ተመሳሳይ ፍርሃት ያስረዳል። አውግስጢኖስ በ391 በሂፖ ከተማ ሕዝቡ ይዞ ለቅስና ባቀረበው ጊዜ አልቅሶ ነበር።

ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ በሹመቱ መጀመሪያ «የእረኝነት መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ አራት ክፍሎች ሲኖሩት የመጨረሻውና አጭሩ ክፍል ሰባኪው ካስተማረ በኋላ ወደ ራሱ ተመልሶ ድካሙን እንዲመረምር ይመክራል። ጎርጎርዮስ «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» የሚለውን መጠሪያ ይጠቀም ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ ከሮም ጳጳሳት መጠሪያዎች አንዱ ነው።

በተሐድሶ ዘመን

በ1520 ማርቲን ሉተር ባወጣቸው ጽሑፎች የተጠመቁ ክርስቲያኖች ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ካህናት እንደሆኑ አስተማረ። በዚህ ትምህርት መሠረት መጋቢው ከምእመኑ የሚለየው በሥራ ድርሻው ነው እንጂ በደረጃው አይደለም፤ ጉባኤው የጋራ የሆነውን አገልግሎት እንዲፈጽምለት ይጠራዋል።

ዣን ካልቪን በ1541 በጄኔቫ ከተማ እንዲጸድቅ ያደረገው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አገልግሎቱን በአራት ከፈለው፦ መጋቢዎች፣ መምህራን፣ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት። የከተማዋ መጋቢዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ ያጠኑ ነበር። በዓመት አራት ጊዜ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ፊት ለፊት የሚነግርበት ስብሰባ ያደርጉ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በኪደርሚንስተር ያገለግል የነበረው ሪቻርድ ባክስተር በ1656 ስለ መጋቢ አገልግሎት መጽሐፍ አሳተመ። መነሻው መጋቢዎች ስለ ራሳቸው ጉድለት ለሚጾሙበትና ለሚጸልዩበት ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ታሞ መገኘት ባለመቻሉ አስፋፍቶ አሳተመው። ባክስተር የመጋቢዎችን ትዕቢት በግልጽ ይወቅሳል፤ የስብከትን ብቃት ለመታየት መጠቀም፣ በሌላው አገልጋይ ዝና መቅናትና ተግሣጽን አለመቀበል ከሚዘረዝራቸው መካከል ናቸው። በራሱ አጥቢያ ቤተሰቦችን በተራ እያገኘ በግል ያስተምር ነበር።

የሥራ ድርሻ

የመጋቢ ሥራ በየቤተ ክርስቲያኑ ቢለያይም በአብዛኛው የሚከተሉትን ያካትታል፦

• ቃለ እግዚአብሔርን መስበክና ማስተማር፣
• ጥምቀትንና ቅዱስ ቁርባንን (የጌታ እራትን) መፈጸም፣
• የታመሙትን፣ ያዘኑትንና የታሰሩትን መጎብኘት፣
• ጋብቻንና ቀብርን ማስፈጸም፣
• የተጣሉትን ማስታረቅና ምክር መስጠት፣
• ሌሎች አገልጋዮችን ማሠልጠን።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመኑ የቅርብ እረኛው የንስሐ አባቱ ነው። የንስሐ አባት ቤተሰቡን ያውቃል፤ ኑዛዜ ይቀበላል፣ ቀኖና ይሰጣል፣ በደስታና በኀዘን ቤቱ ይገኛል። ካህኑም ራሱ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል፤ ሌላውን የሚያናዝዝ ሰው እርሱም በተራው ይናዘዛል።

ትሕትናን በሥርዓት መጠበቅ

የአንድን ቤተ ክርስቲያን አመራር ለመረዳት ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ፦ መጋቢውን ማን ይሾመዋል? ሲያጠፋ ማን ያርመዋል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሦስት ዋና ዋና ምላሾች ተሰጥተዋል።

በጳጳሳት በሚመሩ አብያተ ክርስቲያናት ቄሱን ጳጳሱ ይሾመዋል፣ ያዛውረዋል፣ ካጠፋም ይቀጣዋል፤ ጳጳሱ ራሱ ለሲኖዶስ ተጠሪ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1960ዎቹ ዓ.ም. የወጣው «ቃለ ዓዋዲ» የተባለው ደንብ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አድርጓል። ጉባኤው ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የሚወክሉ አባላት ስላሉት የአጥቢያው አስተዳደርና ንብረት በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሆንም።

በሽማግሌዎች ጉባኤ በሚመሩት ዘንድ መጋቢው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ውሳኔ በጋራ ይሰጣል፣ ይግባኝም ከአጥቢያው በላይ ወዳለው ጉባኤ ይቀርባል። በሦስተኛው ዓይነት ሥርዓት የመጨረሻው ሥልጣን የምእመናን ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ መጋቢውን የሚጠራውም የሚያሰናብተውም ጉባኤው ነው። በተግባር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እነዚህን ሥርዓቶች ይቀላቅላሉ።

እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱ ድክመት አለው። የበላይ አካሉ ሩቅ ሲሆን ጥፋት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሽማግሌዎቹ የመጋቢው ዘመዶችና ወዳጆች ሲሆኑ እርማት ይቀራል። ሁሉም ነገር በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ደግሞ መጋቢው ሕዝቡን ላለማስቀየም እውነቱን ከመናገር ሊቆጠብ ይችላል። ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው መሥራቹ፣ ሰባኪውና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ሆኖ ጠያቂ ሲያጣ ነው።

ሕጽበተ እግር

ሕጽበተ እግር የአገልጋይን ትሕትና በግልጽ ከሚያሳዩት ሥርዓቶች ዋነኛው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሕማማት ሳምንት በጸሎተ ሐሙስ ይፈጸማል። ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር በውኃ ያጥባሉ፤ የወይንና የወይራ ቅጠልም ይጠቀማሉ። በዓመቱ ሌሎች ቀናት ምእመናን ጎንበስ ብለው መስቀል ሲሳለሙ የሚታዩ ሲሆን በዚህ ቀን የሚጎነበሰው ካህኑ ነው።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ቀን ይፈጸማል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በመጋቢት 2013 በሮም ካሳል ዴል ማርሞ በተባለው የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት የ12 እስረኞችን እግር አጥበዋል፤ ከእነርሱ መካከል ሴቶችና ሙስሊሞች ነበሩ። በሜኖናውያን ዘንድ ደግሞ በ1632 የተጻፈው የዶርድሬኽት የእምነት መግለጫ አማኞች እርስ በርሳቸው እግር እንዲተጣጠቡ ያስተምራል። በዚህ ልማድ አጣቢና ታጣቢ ተብሎ የተለየ ወገን የለም።

ትሕትናና ድፍረት

ትሕትና ብዙ ጊዜ ከዝምታ ወይም ከፈሪነት ጋር ይምታታል። በቆላስይስ 2 ለታይታ የሚደረግ የውሸት ትሕትና ተነቅፏል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ለባለሥልጣን ግን ያልተንበረከኩ እረኞችን ያስታውሳል። በኢትዮጵያ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ።

አቡነ ጴጥሮስ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ተጠይቀው እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል እንደማይነጣጠሉ ያስተምሩ ነበር። በደርግ ዘመን ከታሰሩ በኋላ ከአገር ወጥተው እንዲቀሩ ዕድል ቢያገኙም ምእመናንን ጥለው እንደማይሄዱ ተናግረው ቀሩ። ሐምሌ 28 ቀን 1979 (በጎርጎርዮስ አቆጣጠር) በአዲስ አበባ ካገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ለዐሥር ዓመት ያህል ታስረዋል።

መጋቢ በማይኖርበት ጊዜ

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አገልግሎቱ በአንድ ሰው ላይ ሳይንጠለጠል ሊቀጥል እንደሚችል ያሳያል። በ1982 የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኗን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ፤ ዋና ዋና መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድኖች መሰብሰብ ጀመሩ። ቡድኖቹን የሚመሩት አብዛኞቹ ደመወዝም ማዕረግም የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሴቶችም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስትዘጋ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን በ1991 በይፋ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። የማስተማሩ፣ የመጎብኘቱና የመምከሩ ሥራ በብዙ ሰዎች መካከል በመከፋፈሉ መሪዎቹ በታሰሩበት ጊዜም አልተቋረጠም።

በአሁኑ ጊዜ

ከ1991 ወዲህ በኢትዮጵያ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ቁጥር በጣም ጨምሯል። በነባሮቹ ቤተ እምነቶች መጋቢ የሚሆን ሰው በአብዛኛው በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተምሮና በአጥቢያ አገልግሎት ተፈትኖ ይሾማል። በአንድ ሰው የሚመሠረቱ ራሳቸውን የቻሉ ጉባኤያትም በርክተዋል፤ «ነቢይ»፣ «ሐዋርያ» እና «ቢሾፕ» የሚሉ ማዕረጎችም ተለምደዋል። በእነዚህ ዙሪያ ክርክሩ የሚያተኩረው በገንዘብ አያያዝ፣ በመሪው አኗኗርና በተጠያቂነት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናቱን በአንድ ጥላ ሥር የሚያሰባስብ አካል ተፈጥሯል።

የስብከት በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ መገናኛ መሰራጨትም የመጋቢና የምእመን ግንኙነት ተለውጦ እንዲታይ አድርጓል። አንድ ሰባኪ በአካል የማያውቃቸው ብዙ ሺህ ተከታታዮች ሊኖሩት ይችላል። እነዚህ ተከታታዮች ትምህርቱን ይሰማሉ፤ እርሱ ግን ሲታመሙ አይጠይቃቸውም፣ እነርሱም ኑሮውን ቀርበው አያዩትም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ የተዘረዘሩት መመዘኛዎች በአብዛኛው በቅርብ በሚኖር ሰው ብቻ ሊረጋገጡ የሚችሉ ስለሆኑ ርቀቱ ጥያቄ ያስነሣል።

በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉባኤያት ደግሞ ሁኔታው የተለየ መልክ አለው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ባሉ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ መጋቢዎችና ካህናት ብዙዎቹ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ሌላ ሥራ እየሠሩ ይተዳደራሉ። ልማዱ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ከነበረው ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር ይነጻጸራል። ለዝግጅትና ለጉብኝት የሚቀረው ጊዜ ያንሳል፤ በሌላ በኩል አገልጋዩ የምእመኑን የሌሊት ተረኛነት፣ የቤት ኪራይና የሥራ ድካም በራሱ ኑሮ ያውቀዋል።